የቀድሞ የጀልባ ሞተሮች እድሳትና ለታሪክ ያላቸው ምስክርነት

ስለ መሣሪያዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ገጽ የሚይዙት ባቡር፣ መርከብና አውሮፕላን ናቸው፤ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሐይቅ ዳር ሊወስደው ስለሚችለው ትንሽ የጀልባ ሞተር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሞተር በጀልባዋ ሆድ ውስጥ የሚተከል አይደለም። ከኋለኛው ሳንቃዋ ላይ በብሎን ተጣብቆ ይሰቀላል፤ ሥራው ሲፈጸምም ተነሥቶ ወደ ቤት ይመለሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «አውትቦርድ» የሚሉት ከጀልባዋ ገላ ውጭ ስለሚውል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የሞተሩ አመጣጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ያቆመ አሮጌ ሞተር ተፈትቶ፣ ጉድለቱ ተፈልጎ፣ እንደ ገና እንዲነሣ በሚደረግበት ጊዜ ስለ ሠሪዎቹና ስለ ተጠቃሚዎቹ ምን ዓይነት ምስክርነት እንደሚሰጥ፣ በእድሳቱም ምክንያት ከዚያ ምስክርነት ምን እንደሚጠፋ ጭምር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሞተሩ መነሻ ብዙ ጊዜ በአንድ ተረት ይነገራል። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ ከወዳጆቹ ጋር በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ወደሚገኘው ወደ ኦካውቺ ሐይቅ ለሽርሽር ወጥቶ ሳለ፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ቤስ ኬሪ አይስ ክሬም አማራት፤ እሱም ጀልባ እየቀዘፈ ሐይቁን ተሻግሮ ገዝቶ ሲመለስ በፀሐዩ ግለት ቀልጦ ስለ ደረሰ፣ መቅዘፊያን የሚተካ ሞተር ለመሥራት በዚያን ቀን ቈረጠ ይባላል። ተረቱ ተደጋግሞ ስለ ተጻፈ ብዙዎች እንደ ታሪክ ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ አይስ ክሬሙ በእውነት ቀልጦ ቢሆን እንኳ ኤቪንሩድን ብቸኛ ፈጣሪ አያደርገውም። ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1881 በፓሪስ በሴይን ወንዝ ላይ ከጀልባ ጀርባ ተነቃይ የሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ሰቅሎ አሳይቶ ነበር። በአሜሪካም ካሜሮን ዋተርማን፣ የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው፣ በ1905 በዲትሮይት በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በጀልባ ላይ ሞክሮ በ1906 መሸጥ ጀመረ፤ በ1907ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። «አውትቦርድ ሞተር» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ እንደ ሆነ ይነገራል። የመነሻ ተረት በየትኛውም አገር አንድ አባትና አንድ ቀን ይፈልጋል፤ የመሣሪያ ታሪክ ግን ብዙ አባቶች ያሉት ነው፤ ከእነዚህም አባቶች አንዳንዶቹ ፈጣሪዎች ሳይሆኑ ጠጋኞች ናቸው።

ኤቪንሩድ በ1877 ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ዊስኮንሲን ስለ ተሰደዱ ያደገው በሪፕሊ ሐይቅ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ነው። በትምህርት ቤት ብዙ አልቈየም፤ ዕውቀቱን የሰበሰበው በማዲሰን፣ በፒትስበርግና በቺካጎ ከብረት ሥራ ቤት ወደ ብረት ሥራ ቤት እየተዘዋወረ ነው። በ1909 በሚልዋኪ ከተማ ለገበያ ያወጣው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 62 ፓውንድ ማለት 28 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የዚህ ሞተር ትልቁ ነገር ጉልበቱ ሳይሆን አደራደሩ ነው። ሲሊንደሩ ተጋድሟል፤ ዋናው የመዞሪያ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በዘንጉ ራስ ላይ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ከባድ መንኰራኵር ተቀምጧል፤ ኃይሉም በረጅም ብረት ወደ ውሃው ወርዶ፣ በሁለት ባለ ጥርስ መንኰራኵሮች አቅጣጫውን ለውጦ፣ ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ያዞራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ዘንግ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሯል።

የፋብሪካውን መዝገብ፣ የደብዳቤውን ልውውጥና የማስታወቂያውን ሥራ የያዘችው ቤስ ነበረች። ወደ ስካንዲናቪያ ዓሣ አጥማጆች ሞተሩ በብዛት የተላከው በዚህ ጊዜ ነው። ስለ ፈጣሪው ብዙ ሲነገር ስለ እሷ የሚነገረው በአይስ ክሬሙ ተረት ውስጥ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። እሷ ስለ ታመመች በ1914 ድርጅቱ ለሸሪካቸው ተሸጠ፤ ባልና ሚስቱም ወደ ሥራው የተመለሱት በ1921 «ኤልቶ» የተባለውን፣ አሉሚኒየም የበዛበትንና ባለ ሁለት ሲሊንደር የሆነውን ቀላል ሞተር ይዘው ነው። በዚሁ ወራት ከኢንዲያና ግዛት የተነሡት የጆንሰን ወንድማማቾች 35 ፓውንድ ማለት 16 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ሞተር ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው ስለ ተደረደሩ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ያስታግሣል። ሁለቱ ቤቶች ለብዙ ዓመት ከተፎካከሩ በኋላ በ1936 በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ፤ ይህም ድርጅት ኋላ አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ተባለ።

የቀድሞዎቹን ሞተሮች ማስነሣት ራሱ ትምህርት ይጠይቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ የኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ ከቮላኖው ጠርዝ ቀጥ ብሎ የወጣ የእንጨት እጀታ ነበረ፤ ሰውየው እጀታውን ጨብጦ ቮላኖውን በኃይል ያዞረዋል። ሞተሩ ሲነሣ እጀታው አብሮ ስለሚሽከረከር እጁን ፈጥኖ ያላራቀ ሰው ጣቱን ይመታል። ሕዝቡም ሞተሩን «ጣት ሰባሪ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠራው። ፋብሪካው ያላወጣው እንዲህ ያለው የመጠሪያ ስም ከመሸጫ መዝገብ ይልቅ ስለ ተጠቃሚው ኑሮ ይናገራል። ኤልቶ በገበያ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የእሳቱ ኃይል ከደረቅ ባትሪ ስለሚመጣ ቮላኖውን ጥቂት ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጣትም አይሰበርም።

ጉድለትን መፈለግ የዚህ ሞተር ታሪክ ዳር ላይ የቆመ ሥራ እንዳልሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የካርል ኪክሄፈር ነገር ነው። ኪክሄፈር በ1939 በዊስኮንሲን በሲዳርበርግ ከተማ የከሰረ አንድ ትንሽ የጀልባ ሞተር ፋብሪካ ገዛ። ሐሳቡ ሌላ ዓይነት ዕቃ ለመሥራት ነበር። በመጋዘኑ ውስጥ ግን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው ትልቅ የንግድ ቤት ጉድለት አግኝቶባቸው የመለሳቸው 300 ያህል ሞተሮች ተደርድረው አገኘ። ገንዘብ ያስፈልገው ስለ ነበር ሞተሮቹን እየፈታ የጉድለታቸውን ምክንያት አጠና፤ አስተካክሎም ለዚያው ንግድ ቤት መልሶ ሸጣቸው። ንግድ ቤቱም ተጨማሪ አዘዘ። «መርኩሪ» የተባለውና ኋላ የኤቪንሩድና የጆንሰን ብርቱ ተፎካካሪ የሆነው ሞተር የተወለደው ከዚህ የጥገና ሥራ ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ለመፍጠር ሳይነሣ፣ ሌላው የሠራው ለምን እንደማይሠራ በመጠየቅ ብቻ አዲስ ነገር ላይ መድረሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአይስ ክሬሙ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ዛሬ አሮጌ ሞተር የሚያድስ ሰው የሚሄደው ኪክሄፈር በሄደበት መንገድ ነው። ልዩነቱ በፊቱ ያለው ሞተር ሃምሳ ወይም መቶ ዓመት በጐተራ ወይም በምድር ቤት የኖረ መሆኑ ነው። ብልህ ባለሙያ የማስነሻውን ገመድ ለመሳብ አይቸኩልም። አስቀድሞ የስም ሰሌዳውን ያነባል፤ የሞዴሉና የተከታታዩ ቍጥር የተሠራበትን ዘመን፣ ዘመኑም የዘይቱን ልክ፣ የእሳቱን ዓይነትና የማቀዝቀዣውን አሠራር ይነግረዋል። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ቮላኖውንም በእጁ ቀስ ብሎ ያዞራል። ፒስተኑ በዝገት ወይም በደረቀ ዘይት ተጣብቆ እንደ ሆነ ዘይት እየጨመሩ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። በመዶሻ የሚመታው ሰው ፒስተኑን ይሰብራል፤ የተሰበረውን ፒስተን ደግሞ የሚተካ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የሚፈለጉት እመቃ፣ እሳትና ነዳጅ ናቸው። እመቃ በመጀመሪያ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ቮላኖው ሲዞር በአንድ ቦታ ላይ ተቃውሞ ተሰምቶ፣ ከዚያ ካለፈ በኋላ ወደ ፊት ተወርውሮ የሚሄድ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች ደኅና ናቸው። ተቃውሞው ከሌለ ቀለበቶቹ በጥላሸት ተጣብቀዋል ወይም አልቀዋል ማለት ነው። ግን በዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስት ነገር አለ። በእነዚህ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በመጀመሪያ የሚገቡት ወደ ሲሊንደሩ ሳይሆን ዘንጉ ወደሚዞርበት የታችኛው ክፍል ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ ያንን ድብልቅ ጨምቆ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ዘንጉ የሚዞርባቸው ቦኮላ የሚባሉት የነሐስ እጅጌዎች በረጅም አገልግሎት አልቀው እንደ ሆነ አየር በዚያ ሾልኮ ይገባል። ከላይ ያለው እመቃ ደኅና ነው፤ ብልጭታውም ደኅና ነው፤ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ቢነሣም በዝግታ መሥራት እምቢ ይላል። ጀማሪው ካርቡራቶሩን ደጋግሞ ይፈታል፤ ነባሩ ባለሙያ ግን ዘንጉን ይዞ ወደ ጎንና ወደ ጎን በመነቅነቅ ብቻ ይረዳዋል። የዘንጉ መላላት ሞተሩ ስንት ዓመት እንደ ሠራ፣ ምን ዓይነት ዘይትም እንደ ጠጣ የሚናገር በመሆኑ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው።

እሳቱ የሚመጣው በብዙዎቹ ዘንድ ከማግኔቶ ነው። በቮላኖው ውስጥ የተቀመጠው ማግኔት ቦቢና በሚባለው የሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ፑንቲና የሚባሉት ሁለቱ ትናንሽ ብረቶች በትክክለኛው ቅጽበት ሲላቀቁም ከፍተኛው ኃይል ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ብዙ ዓመት ከቆመ ሞተር ብልጭታ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ፑንቲናዎቹ ናቸው፤ ፊታቸውን እንደ ዓይን ሞራ የሚሸፍን ቀጭን ዝገት ይይዛቸዋል። በጥሩ ሞረድ ተጠርገው፣ በ1950ዎቹ በተሠሩት የኤቪንሩድና የጆንሰን ሞተሮች ላይ ክፍተታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከተደረገ ብዙ ጊዜ እሳቱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ቦቢናው ይታያል። በዚያ ዘመን ቦቢናዎቹን የሸፈነው ፕላስቲክ መሰል ቅርፊት ከዓመታት ብዛት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም እርጥበት ገብቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ ይሾልካል። ጉድለቱ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ባለሙያዎች ቮላኖውን ከማንሣታቸው በፊት ምን እንደሚያገኙ ያውቃሉ። በዚህ ላይ የሠሪዎቹን ጥፋት ማጋነን አይገባም፤ ቅርፊቱ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ነው፤ ማንም የፋብሪካ መሐንዲስ ዕቃው ከሰባ ዓመት በኋላ እንዲመረመር አስቦ አልሠራም።

የነዳጁ ነገር የበለጠ ታሪክ ያለው ነው። በካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ በቀድሞ ሞተሮች ከቡሽ የተሠራ ሲሆን ቤንዚን እንዳይጠጣ ሼላክ የሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚዘጋጅ ቫርኒሽ ይቀባል። ሼላክ በቤንዚን አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። በአሜሪካ በ2000ዎቹ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በየማደያው ሲስፋፋ ለስድሳ ዓመት ደኅና ሆኖ የኖረ ተንሳፋፊ ቅባቱን አጥቶ፣ ቤንዚን ጠጥቶ መስጠም ጀመረ። ስለዚህ ሞተሩን የጐዳው የራሱ እርጅና ሳይሆን የዘመኑ ሕግና የዘመኑ ነዳጅ ነው። አዳሾችም ቡሹን በሌላ ቅባት መቀባት ወይም በአዲስ ዓይነት ተንሳፋፊ መተካት ግድ ሆነባቸው።

ሌላው ምሳሌ የነዳጅ ታንኩ ነው። ጆንሰን በ1949 ባለ 10 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲያወጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬድ ማርሽና ከሞተሩ ተለይቶ በጀልባዋ ወለል ላይ የሚቀመጥ ታንክ ሰጠው። ነዳጁን የሚስብ ፓምፕ ግን አልነበረውም። ታንኩ ከሞተሩ ጋር የተገናኘው በድርብ ቱቦ ነው፤ በአንዱ ሞተሩ አየር እየነፋ ታንኩን ያስጨንቀዋል፤ በሁለተኛው ቤንዚኑ ተገፍቶ ይመጣል። ይህ አሠራር እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቈየ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በሚጠፋበት ጊዜ ካርቡራቶሩ ይከሰሳል፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ግን በታንኩ ክዳን ሥር በደረቀው ጓርኒሲዮን ላይ ነው። አየሩ በዚያ ስለሚወጣ ቤንዚኑ የሚገፋው ኃይል ያጣል። አንዳንዶች ታንኩን ትተው ዘመናዊ ፓምፕ ይገጥማሉ። በአየር የተጨነቀ የቤንዚን ታንክ ከእግር ሥር ማስቀመጥ አደገኛ ስለ ሆነ ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ ያ ሞተር የ1949ን አሳብ የሚያሳይ ሞተር መሆኑ ይቀራል።

የዘይቱ ልክ ደግሞ የኩሽኔታ ታሪክ ነው። እነዚህ ሞተሮች የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለ ዘይት ነው። በነሐስ እጅጌ ላይ የሚዞር የቀድሞ ዘንግ ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ለስምንት ወይም ለዐሥር እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ይሰጠው ነበር። በ1950ዎቹ ልኩ 24 ለ1 ሆነ። መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች ከተስፋፉና ዘይቱም ከተሻሻለ በኋላ አውትቦርድ ማሪን በ1964 ወደ 50 ለ1 ተሻገረ። ይህን ያላወቀ ሰው የ1930ዎቹን ሞተር በዛሬው ልክ ቢያስነሣው በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቃጥለዋል።

የታችኛው ክፍል የሚናገረው ስለ ሠሪው ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነው። የጥርሶቹ ግራሶ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል። የአሉሚኒየሙ ቤት ከተሰነጠቀ ባለቤቱ ውሃውን ሳያፈስ ለክረምቱ አስቀምጦት ውሃው በረዶ ሆኖ ፈንድቷል። ሲሊንደሩ ራስ ላይ ቀለሙ ከተቃጠለ የማቀዝቀዣው መንገድ በጨው ወይም በአሸዋ ተዘግቶ ነበር። ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን የናስ ችንካር ድንጋይ ሲያጋጥመው ራሱ ተቈርጦ ጥርሶቹን እንዲያድን የተሠራ ነው፤ በቦታው ምስማር ተሰክቶ የተገኘ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከባሕር ዳር ርቆ ችንካሩ ተቈርጦበት፣ ያገኘውን ሰክቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምስማሩን አልለወጠም፤ በሚቀጥለው ድንጋይ ላይም ጥርሶቹ ረገፉ። በየትኛውም ጽሑፍ ያልተመዘገበ የአንድ ሰው የዓሣ ማጥመድ ቀን በዚህ ምስማር ተመዝግቦ ይገኛል። አዳሹ ግን መጀመሪያ የሚጥለው ይህን ምስማር ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ቋንቋ የሚለያቸውን ቃላት መለየት ይጠቅማል። መጠገን የጐደለውን ሞልቶ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ማደስ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ነው፤ መጠበቅ ባለበት እንዲቈይ ማድረግ ነው። በአሜሪካ በ1965 የጥንት ጀልባ ሞተሮች ወዳጆች ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ በሰብሳቢዎች መካከል ያለው ክርክር በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው። አንዳንዶቹ ቀለሙን ሁሉ ልጠው፣ ብረቱን አብርተው፣ የፋብሪካውን ምልክት በአዲስ አሳትመው ሞተሩ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ እንዲመስል ያደርጋሉ። ሌሎቹ የመጀመሪያው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ፣ የተላጠም ቢሆን አይነካም ይላሉ። የሁለተኞቹ አሳብ ይበልጣል፤ ያረጀ የብራና መጽሐፍ ቀለሙ ስለ ደበዘዘ ተፍቆ በአዲስ ቀለም ቢጻፍ ደስ የሚለው ሊቅ የለምና። ይሁን እንጂ ሞተሩ ፈጽሞ አይነካ ማለትም ልክ አይደለም። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሞተር ዘንጉ እንደ ላላ፣ ታንኩ እንደሚተነፍስ፣ እጀታው ጣት እንደሚመታ አይናገርም። እነዚህ ሁሉ የታወቁት ሊያስነሡት በሞከሩ ሰዎች ነው። ከመካከለኛው መንገድ የሚሻል አይታይም፤ ቀለሙን መተው፣ ውስጡን መጠገን፣ የተነሣውንም ዕቃ ምስማሩን ጨምሮ ስሙንና ቦታውን ጽፎ ከሞተሩ ጋር ማኖር።

ክርክሩን ይልቁን የሚያወሳስበው የእንግሊዙ ብሪቲሽ ሲገል ነው። ይህ ሞተር ከ1931 እስከ 1996 ድረስ ሲሠራ አሠራሩ እጅግ ጥቂት ብቻ ተለወጠ፤ ቮላኖው ክዳን የለውም፤ የሚነሣውም በላዩ በሚጠመጠም ገመድ ነው። ዘይቱም ለብዙ ዘመን 10 ለ1 ስለ ነበረ በየወደቡ ጢሱና በውሃው ላይ የሚተወው ቅባት ይታወቃል። የአንዱ ዘመን ዕቃ ለሌላው ዘመን ስለሚገጥም ባለቤቶቹ ሲሰበርባቸው ከሌላ ሲገል እያወጡ ሲገጥሙ ኖረዋል። በዚህ ምክንያት የስም ቍጥሩ አንድ ዘመን የሚል፣ ካርቡራቶሩ ሌላ፣ ቮላኖውም ሦስተኛ ዘመን የሆነ ሞተር ይገኛል። «ወደ መጀመሪያው» መመለስ የሚፈልግ አዳሽ ወደ የትኛው መጀመሪያ እንደሚመልሰው አይታወቅም። ከብዙ ቅጂዎች የተሰበሰበ ድርሳን እንደማለት ነው፤ ከነልዩነቱ ማንበብ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን ማጥፋት አይረባም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የጣና ታንኳ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሆናለች። ከደንገል የምትታሰረው ታንኳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፤ ትበሰብሳለችም። በዚህ ምክንያት የሚያሳዝነው የለም፤ ወይጦው ደንገሉን አጭዶ ሌላ ያስራል። ዕቃው ያልፋል፤ እጁ ይኖራል። በ1986 በጣና ላይ ለዓሣ ማጥመድ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች በአንድ የልማት ፕሮግራም ሲገቡ ግን ሌላ ዓይነት ዕቃ መጣ፤ ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ ካንዴላ፣ ፑንቲናና ጓርኒሲዮን ግን ከሐይቁ ዳር አይበቅሉም። ያ ለውጥ በዓሣው ሀብት ላይ ያደረሰው ጉዳት በሌሎች ተጠንቷል፤ በጥገና ዕውቀት ላይ ያደረሰው ለውጥ ግን ገና ጥናት የሚፈልግ ነው። በዊስኮንሲን ሐይቆች የሆነው የጣና ተቃራኒ ነው፤ ዕቃው በየጐተራው ተቀምጦ ይኖራል፤ የሚያልፈው እጁ ነው።

የእጁ ማለፍ በሁለት ነገር ተፋጥኗል። የመጀመሪያው ሕግ ነው። ባለ ካርቡራቶር የሆኑ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከሚጠጡት ነዳጅ ብዙውን ሳያቃጥሉ ወደ ውሃውና ወደ አየሩ ስለሚያወጡ የአሜሪካ መንግሥት በ1996 ደንብ አወጣ፤ ደንቡም ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ እየጠበቀ እስከ 2006 ድረስ የቀድሞውን አሠራር ከአዲስ ገበያ አስወጣ። ደንቡ ተገቢ ነበር፤ በየሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ያየ ሰው አይቃወመውም። ሁለተኛው የፋብሪካው መውደቅ ነው። አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን በታኅሣሥ 2000 ከሰረ፤ ስሞቹን የገዛው ቦምባርዲዬ ሲሆን ተከታዩ ድርጅት በ2020 የኤቪንሩድን ሞተር መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። በ1909 በሚልዋኪ የተጀመረው ስም ከ111 ዓመት በኋላ ከፋብሪካ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የትኛው ሞተር እንደሚነሣ የሚወስነው የመለዋወጫው ዕጣ ሆነ። በ1950ዎቹ ለኤቪንሩድና ለጆንሰን የተሠራው ማግኔቶ በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚገጥም አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፣ የሚሰነጠቀው ቦቢና ገዥ አላጣም፤ ሌሎች ድርጅቶች እስከ ዛሬ ድረስ አዲሱን እያወጡ ይሸጡታል። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ይልቁንም የመጀመሪያዎቹ የኤቪንሩድ ሞተሮች፣ እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም። ቦቢናቸው ሲቃጠል የቀድሞው ሽቦ ተፈትቶ፣ ዙሩ ተቈጥሮ፣ ከጠጕር የቀጠነ አዲስ ሽቦ በዚያው ቍጥር ልክ በእጅ ይጠቀለላል፤ ይህን ሥራ የሚሠሩትም እያነሱ ሄደዋል።